«እጅሽን አሳርፊው» ለሚለው ምክር የተሰጠ ምላሽ

ከጡት ካንሰር ቀዶ ሕክምና በኋላ ስለሚመጣ የእጅ እብጠት የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን ብዙ ሰው እየተቀባበለው ነው። ለእኔም ከአንድ በላይ ወዳጅ ልኮልኛል። የላኩልኝ እኔም ያው ችግር ስላለብኝ ነው። የብብቴ ኖዶች (ፈሳሽ የሚያጣሩ ትንንሽ ዕጢዎች) ወጥተዋል፤ ጨረርም ወስጃለሁ፤ ቀን ቀን ጠበቅ ያለ የኮምፕረሽን እጅጌ እለብሳለሁ። ሐኪም አይደለሁም። ግን ከዚህ እጅ ጋር ስለምኖር ስለ እሱ የሚጻፈውን አሳድጄ አነባለሁ።

ጽሑፉ ባጭሩ የሚለው ይህን ነው። ሊምፌዴማ የሚባለው እብጠት የሚመጣው በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው፤ ያ ካለፈ ስጋት የለም። መምጣቱ የሚታወቀው እጅ ሲያብጥ ነው። መከላከያው እጅን ማሳረፍ ነው፤ ከባድ ነገር አለማንሳት፣ ስፖርት አለመሥራት፣ በዚያ እጅ ግፊት አለመለካትና መርፌ አለመወጋት፣ አውሮፕላን አለመሳፈር። ካበጠ ደግሞ የሚያሸና ኪኒን መዋጥ፣ ውሃ መቀነስ፣ በሙቅ ነገር አጥብቆ ማሸት፣ በላስቲክ ፋሻ ማሰር። ውፍረት መቀነስ ያድናል። ቢቀላና ቢያተኩስ የእብጠቱ ጠባይ ነው፤ ማሳረፍ ይበቃል። ለቀረው መድኃኒት ስለሌለው መቻል ነው።

ጸሐፊው በቅን ልብ እንደጻፉት ያስታውቃል። ቆዳን በቅባት ማለስለስ፣ ጥፍርን እስከ ሥጋው አለመቁረጥ፣ ሥራ ሲሠራ ጓንት ማድረግ፣ ጭረትን ወዲያው ማጠብ የሚሉት ምክሮች ልክ ናቸው። እብጠት መጣ ማለት ካንሰሩ ተመለሰ ማለት አይደለም ማለታቸውም ብዙ ሴት ያረጋጋል። የእኔ ክርክር ከተቀረው ጋር ነው።

«ወራት ካለፉ ስጋት የለም»

መጀመሪያ ነገሩ ከምን እንደሚመጣ እንይ። ደም በቀጫጭን ሥሮች ሲያልፍ ፈሳሽና ጥቂት ፕሮቲን ወደ ሥጋ ይወጣል። ያንን ሰብስቦ ወደ ደም የሚመልሰው የሊምፍ መስመር ነው። የእጅና የጡት መስመሮች አብዛኞቹ በብብት በኩል ያልፋሉ። እዚያ እንደየሰዉ ቢለያይም ከ20 እስከ 30 የሚሆኑ ኖዶች አሉ። ቀዶ ሐኪም እነዚህን ሲያወጣ፣ ወይም ጨረር ሲያጠባቸው፣ መተላለፊያው ይቀንሳል። ፈሳሹ ግን መምጣቱን አያቆምም። የጎርፍ መውረጃው በከፊል የተደፈነ መንገድ በሉት። በበጋ ምንም አይታይበትም፤ ዝናቡ ሲጠና ነው ውሃው አስፋልት ላይ የሚተኛው። ዝናቡ ከዓመታት በኋላ የሚመጣ ኢንፌክሽን፣ ጉዳት ወይም የክብደት መጨመር ሊሆን ይችላል።

ለዚህ ነው የወራት ገደብ የማይሠራው። አብዛኛው ሊምፌዴማ ብቅ የሚለው በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ዓመታት ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላ ዕድሉ ያንሳል እንጂ አይጠፋም። ከ10 ዓመት፣ ከ20 ዓመት በኋላ የጀመራቸው ሴቶች አሉ።

በተቃራኒው፣ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባሉት ሳምንታት የሚታየው እብጠት ሁሉ ሊምፌዴማ አይደለም። የተቆረጠ ሥጋ ያብጣል፤ ሲድን ይመለሳል። ቁስሉ ስር ውሃ ሊቋጥር ይችላል። አንዳንዴም ከብብት ወደ ክርን የሚወርድ፣ ከቆዳ ስር የተወጠረ ቀጭን ገመድ ይወጣና ክንድ ማንሳት ይከለክላል። እሱም ሌላ ነገር ነው፤ በፊዚዮቴራፒ፣ ቀስ እያሉ በመዘርጋት አብዛኛውን ጊዜ ይለቃል። ጽሑፉ እነዚህን ሁሉ አንድ ላይ ስላደረጋቸው አንዷን በሦስተኛ ሳምንቷ በከንቱ ያስደነግጣል፤ ሌላዋን በሦስተኛ ዓመቷ ያዘናጋል።

ስጋቱም ለሁሉም እኩል አይደለም። በ2013 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ላንሴት ኦንኮሎጂ የተባለው መጽሔት ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ ያየ ትንተና አውጥቶ ነበር። የብብት ኖዶቻቸው በብዛት ከወጡላቸው ሴቶች ከ100 ወደ 20 የሚጠጉት ሊምፌዴማ ይዟቸዋል። ሴንቲኔል የሚባሉት የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ኖዶች ብቻ ከወጡላቸው ግን ከ100 ወደ 6 ገደማ ብቻ ናቸው። ብብትንና የአንገት ሥርን የነካ ጨረር ሲጨመር ስጋቱ ከፍ ይላል። ስለዚህ ሐኪማችሁን ሁለት ነገር ጠይቁ፤ ስንት ኖድ ነው የወጣልኝ? ጨረሩስ ብብቴን ነክቷል? መልሱ ፋይላችሁ ውስጥ ተጽፏል። የጡት ካንሰር የታከሙ ወንዶችም ይህንኑ ይጠይቁ፤ ብብት ብብት ነው።

«እጅ ሲያብጥ ይታወቃል»

ዓይን መጨረሻ ላይ ነው የሚደርሰው። እጅ ቀድሞ የሚናገረው በስሜት ነው። ይከብዳል። ይወጠራል። ማታ ማታ የድካም ዓይነት ሕመም ይሰማል። ቀለበት እንደ ድሮው አይወልቅም። የሸሚዝ እጅጌ በአንድ በኩል ብቻ ይጠብቃል። እኔን መጀመሪያ የነገረኝ የሰዓት ማሰሪያዬ ነው። ጠዋት ልክ ነበር፣ ማታ ምልክቱን ቆዳዬ ላይ ትቶ ይወልቃል። መስታወት ፊት ስቆም ሁለቱ እጆቼ አንድ ዓይነት ነበሩ።

ሁለት ቀላል ነገሮች ሞክሩ። ሁለቱን እጆች ጎን ለጎን ዘርግታችሁ የእጅ ጀርባችሁን እዩ። በአንዱ ላይ ደም ሥሮቹና የጣት አጥንቶቹ ደብዘዝ ካሉ ልብ በሉ። ከዚያ በአውራ ጣት ቆዳውን ለጥቂት ሰከንድ ጫን አድርጋችሁ ልቀቁ። ጉድጓድ ቢቀር ፈሳሽ አለ ማለት ነው። ባይቀር ግን ነጻ ናችሁ ማለት አይደለም።

ጽሑፉ ጭራሽ ያልነካው ነገር አለ። እብጠቱ እጅ ላይ ብቻ አይደለም የሚመጣው። ጡታቸው ያልወጣ ሴቶች ላይ ጡቱ ራሱ ሊከብድና ቆዳው ሊወፍር ይችላል። የጎን ሥጋ፣ ከብብት በስተኋላ ያለው ጀርባ ሊሞላ ይችላል። የጡት መያዣ በአንድ ጎን ብቻ ጠልቆ የሚቀር ምልክት ከተወ ምክንያት አለው። «እጄ ደህና ነው» ብለው ይህን ለወራት ያለፉት ብዙ ናቸው። የጡት ቆዳ በድንገት ከቀላና ከወፈረ ግን ሊምፌዴማ ነው ብላችሁ አትገምቱ፤ ሐኪም ይየው።

ሐኪሞች ሕመሙን በደረጃ ይከፍሉታል። ዜሮ ብለው የሚጠሩት ደረጃ አለ፤ መስመሩ ተጎድቷል፣ ስሜቱ ሊኖር ይችላል፣ እብጠት ግን አይታይም። በአንደኛው እጅን ከፍ አድርጎ ማሳደር ያጎድለዋል። በሁለተኛው ከፍ ማድረግ አይበቃም፤ ሥጋው እየጠነከረ ይሄዳል፣ ስብም ይጠራቀማል። ሦስተኛው ቆዳው የሚወፍርበትና የሚሻክርበት ነው። ጸሐፊው «ሲያብጥ» የሚሉት ከአንደኛው ወዲያ ያለውን ነው። በዜሮና በአንደኛው መሀል ያለው ጊዜ ነው ወርቁ።

ስለዚህ ሜትር ያዙ። የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል። ቢቻል ከቀዶ ሕክምናው በፊት ሁለቱንም እጆች አስለኩ፤ ካለፈም ዛሬ ይጀመር። ከአንጓ ጀምሮ በየ10 ሴንቲሜትሩ ወደ ላይ፣ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ሜትሩን ሳትጎትቱ። ሁለቱንም መለካት የሚያስፈልገው ስንወፍር ሁለቱም ስለሚወፍሩ ነው። ደግሞ ብዙ የምንሠራበት እጅ ድሮውንም በትንሹ ይበልጣል። የመነሻው ልክ ከሌለ ልዩነቱ ከየት እንደመጣ ማወቅ ይቸግራል። በአንድ ቦታ ላይ 2 ሴንቲሜትር ልዩነት ከመጣ ያለ ጥርጥር ሂዱ። ስሜቱ ሳይለቅ ከሰነበተ ደግሞ 2 ሴንቲሜትሩን አትጠብቁ። አንዳንድ ሆስፒታሎች በጣም ደካማ ኤሌክትሪክ አሳልፎ ከሕዋሳት ውጪ ያለውን ፈሳሽ የሚለካ መሣሪያ አላቸው። ካለ ጥሩ፣ ከሌለ ሜትሩ አያሳፍርም።

ቶሎ ማግኘት ምን ይፈይዳል ለሚል፣ ካንሰር የተባለው መጽሔት በ2008 ያወጣውን የአሜሪካ ጥናት ልጥቀስ። ሴቶቹ ከቀዶ ሕክምና በፊት ተለክተዋል፤ ከዚያም በየጊዜው። የእጃቸው መጠን 3 በመቶ ያህል ከፍ ሲል፣ ገና በዓይን በማይታይበት ሰዓት፣ እጅጌ ለአራት ሳምንት ገደማ ለበሱ። እጃቸው ጎደለ። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እንዲህ ዓይነቱ ነው።

«እጅሽን አሳርፊው»

እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ፤ የጽሑፉ ልብ ይህ ነው። ምክሩ አዲስ አይደለም። ለብዙ ዓመታት ሐኪሞች ራሳቸው ይሉት ነበር። ከባድ አታንሺ፣ አትግፊ፣ አትጎትቺ። ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ እጅ ሲሠራ ደም ይበዛል፣ ደም ሲበዛ ፈሳሽ ይበዛል። በወረቀት ላይ ያሳምናል። ችግሩ ሲፈተን አለመቆሙ ነው።

በ1996 ቫንኩቨር ውስጥ ዶን ማኬንዚ የሚባሉ የስፖርት ሐኪም የጡት ካንሰር የታከሙ 24 ሴቶችን ሰብስበው ጀልባ እንዲቀዝፉ አደረጉ። ድራጎን ቦት በሚባለው ረጅም ጀልባ፣ ክንድን ደጋግሞ በሚያደክመው ሥራ ማለት ነው። በዘመኑ ምክር መሠረት እጆቻቸው ማበጥ ነበረባቸው። በሊምፌዴማ አዲስ የተያዘች አልተገኘችም። ዛሬ በብዙ አገር የእነዚህ ሴቶች የጀልባ ቡድኖች አሉ።

ሃያ አራት ሴት ትንሽ ናት ከተባለ፣ ተመራማሪዋ ካትሪን ሽሚትዝና ባልደረቦቿ ነገሩን በደንብ ፈተኑት። በ2009 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን የወጣው ጥናታቸው ሊምፌዴማ ያለባቸውን 141 ሴቶች ይዟል። ግማሾቹ በሳምንት ሁለቴ ክብደት አነሱ፤ ቀስ በቀስ እየጨመሩ፣ እጅጌ ለብሰው፣ በአሠልጣኝ። ከዓመት በኋላ እጃቸው ካላነሱት ይልቅ አላበጠም። እንዲያውም እብጠቱ የባሰባቸው ካነሱት 14 በመቶ፣ ካላነሱት 29 በመቶ ነበሩ። ጉልበታቸውም ጨምሯል።

በቀጣዩ ዓመት ጃማ በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ሁለተኛውን አወጡ። ይህኛው ገና ያልያዛቸውን 154 ሴቶች የተመለከተ ነው። ካነሱት 11 በመቶ፣ ካላነሱት 17 በመቶ እብጠት መጣባቸው። አምስትና ከዚያ በላይ ኖድ የወጣላቸውን ብቻ ስናይ ልዩነቱ ይሰፋል፤ 7 በመቶ እና 22 በመቶ። በትንሽ ጥናት ውስጥ ያለ ንዑስ ክፍል ስለሆነ «ስፖርት ይከላከላል» ብዬ አልፎክርም። «ስፖርት ያመጣዋል» የሚለውን ግን ከዚህ በኋላ ይዞ መቆየት ያስቸግራል።

ምክንያቱም ሩቅ አይደለም። የሊምፍ መስመር እንደ ልብ ያለ ትልቅ ፓምፕ የለውም። የራሱ መኮማተር አለ፤ ከዚያ ውጪ የሚገፋው የጡንቻ መጭመቅና የትንፋሽ መውጣትና መግባት ነው። የማይንቀሳቀስ እጅ ፓምፑ የቆመ እጅ ነው። ትከሻውም ይደርቃል። ጡንቻው ይሳሳል፤ ሲሳሳ ደግሞ ድሮ ቀላል የነበረው ዕቃ ሸክም ይሆናል። ከዚያ አንድ ቀን ልጅ ማቀፍ ወይም ሻንጣ ማውረድ ግድ ይላል፤ ያልተዘጋጀው እጅ በአንዴ ይጎዳል። ማሳረፍ የሚያመጣው ይህን ነው።

ይህ ማለት ነገ ጂም ገብታችሁ የከበደውን አንሡ ማለት አይደለም። በሽሚትዝ ጥናቶች የነበሩት ሴቶች ካንሰሩ ከተገኘባቸው ቢያንስ ዓመት ያለፋቸው ናቸው። ቀዶ ሕክምናው ትኩስ ሳለ፣ በተለይ ድሬኑ (ከቁስሉ ፈሳሽ የሚያወጣው ቱቦ) ገና ሳይወጣ፣ የምትሠሩት ሐኪማችሁና ፊዚዮቴራፒስታችሁ የፈቀዱትን የትከሻና የክርን እንቅስቃሴ ነው። በኋላ ሲጀመር በትንሹ ይጀመር፤ ያለ ክብደትም ሊሆን ይችላል። ከጨመራችሁ በኋላ በማግስቱ እጁን ጠይቁት። ከከበደ ወይም ከተወጠረ አንድ እርምጃ ተመለሱ፤ አትተዉት ግን። ለሳምንታት ካቋረጣችሁም ካቆማችሁበት አትቀጥሉ፣ ዝቅ ብላችሁ ጀምሩ። የላይኛው የክብደት ገደብ ስንት ነው ለሚሉኝ፣ ለሁሉም የሚሆን አንድ ቁጥር የለም። በጥናቱም ገደብ አልነበረም፤ የነበረው አዝግሞ መጨመር ነው።

ግፊት፣ መርፌ፣ አውሮፕላን

ይህን ክልከላ ብዙዎቻችን እንደ ሕግ ይዘነዋል። በ2016 ጆርናል ኦፍ ክሊኒካል ኦንኮሎጂ ላይ የወጣ ጥናት 632 የጡት ካንሰር ታካሚዎችን እየለካ ተከታትሏል። ደም መቀዳት፣ መርፌ መወጋት፣ ግፊት መለካት፣ አውሮፕላን መሳፈር፤ ከእነዚህ አንዱም ከእጅ ማበጥ ጋር አልተያያዘም። የተያያዙት የብብት ኖዶች በብዛት መውጣት፣ የሰውነት ክብደት ከፍ ማለትና የቆዳ ኢንፌክሽን ናቸው።

እኔ ሁለተኛው እጄ ደህና ስለሆነ መርፌውን ወደዚያ አዞራለሁ። ምንም አያስከፍለኝም። ግን ሁለቱም ብብቶቿ የተነኩባት ሴት አለች። እሷ ምን ታድርግ? ጽሑፉን ያመነች እንደሆነ ደም በተቀዳች ቁጥር ትሸበራለች። አደጋ ላይ የወደቀች ሴት ደግሞ «በዚህ እጅ አይሆንም» ብላ ሕክምና ማዘግየት የለባትም። የተወጋው ቦታ ንጹሕ መሆኑን ማየት ይበቃል። እጅጌ የታዘዘላት ሴት በረራ ላይ ትልበሰው፤ ተነሥታ ትንቀሳቀስ። በተረፈ መልካም ጉዞ።

የሚያሸናው ኪኒንና ውሃው

ይህኛው ምክር ጎጂ ነው። የሚያሸና ኪኒን የሚያወጣው ውሃ ነው። ሊምፌዴማ ግን ውሃ ብቻ አይደለም፤ በሥጋ መሀል የቀረ ፕሮቲን አለበት። ውሃው ለጊዜው ቢቀንስ ፕሮቲኑ እዚያው ይቀራል፤ ውሃ መልሶ ይስባል። ስለዚህ ለሊምፌዴማ ብቻ ተብሎ ይህ ኪኒን አይመከርም። ውሃ አለመጠጣትም እጅን አያጎድልም፤ ሌላውን ሰውነት ነው የሚያደርቀው። ለደም ግፊት ወይም ለልብ የሚያሸና መድኃኒት የታዘዘላችሁ ግን ይህን አንብባችሁ እንዳታቆሙት! ያ ሌላ ጉዳይ ነው።

ኩማሪን የተባለ መድኃኒትም ተሞክሮ ነበር። በ1999 የወጣ ጥናት እጅን እንዳላጎደለና አንዳንዶቹን ሴቶች ጉበታቸው ላይ እንደጎዳ አሳይቷል። ሊምፌዴማን በኪኒን ለማጥፋት ቃል የሚገባ ሰው ሲመጣ ይህን አስታውሱ።

ማሸቱና ማሰሩ

ማሸት አለ፣ ማሸት አለ። ለሊምፍ የሚደረገው ቆዳን ብቻ ሳብ ለቀቅ የሚያደርግ በጣም ቀላል ንክኪ ነው። ዴንማርካዊው ኤሚል ቮደር በ1930ዎቹ የጀመሩት ዘዴ ነው። ካበጠው እጅ አይነሣም፤ ከአንገትና ከደህናው ወገን ይጀምራል፣ መንገዱን ቀድሞ ለመክፈት። መጀመሪያ ያየ ሰው «ይሄ ነው ማሸት?» ይላል። አጥብቆ መጨቆን፣ በዚያ ላይ ሙቀት መጨመር፣ ደምን ወደ እጁ ይጠራል፤ ቀጫጭኖቹንም መስመሮች ሊጎዳ ይችላል። ደግሞ ልክ የተደረገው ማሸት እንኳ ብቻውን ብዙ አይሄድም። ዋናውን ሥራ የሚሠራው መጫኛው ነው፤ እጅጌና ፋሻ።

ፋሻውም ተራው የሚለጠጥ ላስቲክ አይደለም። እጅ ሲያርፍ የማያንቅ፣ ጡንቻ ሲንቀሳቀስ ግን የሚመክት፣ ብዙ የማይለጠጥ ፋሻ ነው። ከስሩ ማለስለሻ ይደረጋል፤ ጣቶች ለብቻቸው ይጠቀለላሉ። መጀመሪያ በሠለጠነ ሰው እጅ ነው። ሙሉው ሕክምና ሁለት ምዕራፍ አለው። በመጀመሪያው ለሳምንታት በፋሻ፣ በማሸት፣ በእንቅስቃሴና በቆዳ እንክብካቤ እጁን ማጉደል። በሁለተኛው የጎደለውን በእጅጌ ይዞ መቆየት።

እጅጌ የሚገዛው ተለክቶ ነው። ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 30 ሚሊሜትር ሜርኩሪ (የግፊት መለኪያ ነው) በሚጫነው ይጀመራል፤ የከበደ እብጠት የበለጠ ሊጠይቅ ይችላል። የጓደኛን እጅጌ መዋስ አይሠራም። መዳፍና ጣት ካበጡ ጓንቱም አብሮ ያስፈልጋል፤ አለዚያ ፈሳሹ ወደዚያ ይወርዳል። ጣት ከደነዘዘ ወይም ቀለሙ ከተለወጠ፣ ጫፉ ተጠቅልሎ ቆዳ ውስጥ ከገባ፣ ልኩ አይደለም፤ አውልቁት። ተራው የቀን እጅጌ ማታ ይወልቃል። በየቀኑ ቢታጠብ ጥሩ ነው። በስድስት ወር አካባቢ ደግሞ ይላላል፤ ለብሳችሁት ምንም የማይጫን ከሆነ ጌጥ ነው። የልብ ድካም ወይም የደም ሥር መጥበብ ያለበት ሰው ሐኪም ሳያማክር አይልበስ።

ስለ ውፍረት

ክብደት ስጋቱን ከፍ እንደሚያደርግ ከላይ ብያለሁ። መቀነስ ያድናል ማለት ግን ሌላ ነው። በ2019 ከ300 በላይ ሴቶች የተካፈሉበት ጥናት ወጥቶ ነበር፤ ሁሉም ክብደታቸው ከፍ ያለና ሊምፌዴማ ያለባቸው ናቸው። ክብደት የቀነሱት እጃቸው ካልቀነሱት የበለጠ አልጎደለም። ክብደት መቀነስ ለሌላ ብዙ ነገር ይጠቅማል። ግን እጇ ያልጎደለላትን ሴት «አልጣርሽም» ማለት ግፍ ነው።

«መድኃኒት ስለሌለው መቻል»

ጨርሶ የሚያጠፋ መድኃኒት የለም፤ እውነት ነው። ግን ባለበት መያዝም ማጉደልም ይቻላል። ቀዶ ሕክምናም አለ። የሊምፍ መስመርን ከትንሽ ደም ሥር ጋር በማይክሮስኮፕ የሚያገናኙ አሉ፤ ኖድ ከሌላ ቦታ አምጥተው የሚተክሉ አሉ። እብጠቱ ወደ ስብ ለተለወጠባቸው ስዊድን ማልሞ ውስጥ ሆኮን ብሮርሶን ያዳበሩት የስብ መጥባት ቀዶ ሕክምና አለ። ከዚያ በኋላ ግን እጅጌው የዕድሜ ልክ ነው። ሁሉም ለሁሉም አይሆኑም፤ በሁሉም ቦታም አይገኙም።

«ቢቀላና ቢያተኩስ ማሳረፍ ይበቃል»

ይህን ወደ መጨረሻ ያመጣሁት ጽሑፉም መጨረሻው አካባቢ በአንድ ዓረፍተ ነገር ስላለፈው ነው። በዚህ ላይ ክርክር የለኝም፤ ስህተት ነው።

ሊምፌዴማ ራሱ ብዙ ጊዜ አይቀላም፣ ትኩሳትም አያመጣም። እጅ በድንገት ከቀላ፣ ከሞቀ፣ ካመመ፣ ብርድ ብርድ ካለ፣ የቆዳ ኢንፌክሽን ገብቷል ተብሎ ነው የሚታሰበው። ሴሉላይተስ ይሉታል። በዚያ እጅ የመከላከያው መንገድ ስለተጎዳ ኢንፌክሽኑ በሰዓታት ሊሰፋ፣ ወደ ደምም ሊገባ ይችላል። የሚፈልገው አንቲባዮቲክ ነው፤ በዚያው ቀን። ሌሊት ከሆነ ድንገተኛ ክፍል። እስከዚያው የቀላውን ዳር በእስክሪብቶ አስምሩት፤ ሐኪሙ እየሰፋ መሆኑን ያይበታል። ማሸት ይቁም። ፋሻና እጅጌው መቼ እንደሚመለሱ ሐኪሙ ይንገራችሁ። ደግሞ አንዱ ኢንፌክሽን ያሉትን መስመሮች ስለሚጎዳ ቀጣዩን ያቀርበዋል። ለሚመላለስባቸው ሰዎች ሐኪሞች አንዳንዴ የመከላከያ አንቲባዮቲክ ለረጅም ጊዜ ያዝዛሉ።

ሌሎችም ቀን የማይሰጡ ምልክቶች አሉ። በአንድ ቀን ውስጥ ያበጠ፣ የሚያምና ወደ ሰማያዊ ወይም ወደ ጠቆር ያለ ቀለም የሄደ እጅ የደም መርጋት ሊሆን ይችላል። ትንፋሽ ማጠርና የደረት ሕመም ከተጨመረበት አምቡላንስ ነው። ለዓመታት ባለበት የቆየ እብጠት ያለ ምክንያት ከባሰ፣ አዲስ እባጭ ከወጣ፣ እጅ ከዛለ ወይም ከባድ ሕመም ከመጣ ደግሞ ካንሰሩ አለመመለሱ መታየት አለበት። የቆየ እብጠት ላይ የሚወጣ፣ ሳይመቱት የበለዘ የሚመስል ሐምራዊ ነጠብጣብም እንዲሁ፤ ብርቅ ነው፣ ግን አይናቅም።

ጸሐፊው ጽሑፋቸውን ሊያርሙ ከፈቀዱ በዚህ ክፍል ይጀምሩ። ስለ ክብደት ማንሳትና ስለ አውሮፕላን ለመከራከር ጊዜ አለን። «ማሳረፍ ይበቃል» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር ግን ዛሬውኑ ያንሷት፤ በቦታዋ «ከቀላና ካተኮሰ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ሂጂ» ብለው ይጻፉ።